የሞስታር አሮጌ ድልድይ

በቦስኒያና ሄርዞጎቪና፣ የሞስታርን ከተማ ሰንጥቆ በሚያልፈው የኔሬትቫ ወንዝ ላይ በኦቶማኑ ሱልጣን ሱለይማን ትእዛዝ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1566 የተጠናቀቀው ስታሪ ሞስት፣ ማለትም አሮጌው ድልድይ፣ ቀድሞ በስፍራው የነበረውን የእንጨት ድልድይ ተክቶ የከተማዋን ሁለት ዳርቻዎች ከአራት መቶ ዓመታት በላይ ያገናኘ ድንቅ ሥራ ነው። መሐንዲሱ ሚማር ሃይሩዲን ያነሣው 29 ሜትር ገደማ የሚረዝም ነጠላ ቅስት፣ ይኸውም በመካከሉ ምሰሶ ሳይኖረው ክብደቱን በግራና በቀኝ ዳርቻ ላይ የሚያሳርፍ የድንጋይ ቀስት፣ ቴኔሊያ ከሚባለው በአካባቢው ከሚገኝ ፈካ ያለ የኖራ ድንጋይ የታነጸ ሲሆን፣ ድንጋዮቹ በብረት ማያያዣ ተቆላልፈው ቀዳዳዎቹ በቀለጠ እርሳስ መሞላታቸው፣ ከማንኛውም ጌጥ ይልቅ አድናቆት የሚገባው ጥበብ ነው።

ነዋሪዎቹ ድልድዩን የሚወዱት ግን መሻገሪያ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ወጣቶች 20 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው አናቱ ወደ ቀዝቃዛው ወንዝ እየዘለሉ ድፍረታቸውን የሚያስመሰክሩበት፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈ ልማድ መድረክም ነው።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 1993 በቦስኒያ ጦርነት መካከል ድልድዩ በክሮአቶች ኃይል የታንክ ተኩስ ሲፈርስ፣ ከተማዋ መንገዷን ብቻ ሳይሆን የጋራ ትዝታዋን ጭምር አጣች። መልሰው የገነቡት ባለሙያዎች ቀላሉን የሲሚንቶ መንገድ ትተው፣ ድንጋዩን ከአካባቢው አስወጥተው በጥንቱ ዘዴ ማነጻቸው ትልቅ ምስጋና ይገባዋል። ድልድዩ ጁላይ 23 ቀን 2004 ዳግም ተከፈተ፤ በ2005ም ከአሮጌው ከተማ ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፈረ።