መጀመሪያ ዛፉ፣ ከዚያ ኦርኪዱ

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ከሚኖሩት ኦርኪዶች አንዱ ኤራንጊስ ብራኪካርፓ ነው። ከነጭ አበባው ጀርባ ከ12 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ቀጭን ቱቦ ይንጠለጠላል፤ ማሩ ያለው ጫፉ ላይ ነው። መዓዛው የሚበረታው ሲመሽ ነው፤ የሚጠራው ረጅም ምላስ ያለውን የሌሊት የእሳት እራት ነውና። ደኑ በሳሳ ቁጥር ኦርኪዱም ይሳሳል። በግቢዬ ላሳድገው የሚል ሰው ቀድሞ የሚጨነቀው ስለ አፈርና ማዳበሪያ ነው። ሥራው የሚጀምረው ግን ከዛፉ ነው፤ ተክሉ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

ለዚህ ምስክሩ ሥሩ ነው። ሲደርቅ ብርማ ነጭ ይሆናል፤ ውሃ ሲነካው ነጩ ሽፋን ወዲያው ይመጥጥና አረንጓዴው ከውስጥ ብቅ ይላል። ከዚያ ደግሞ አየር አግኝቶ መድረቅ አለበት፤ አፈር ውስጥ ከቀበሩት ይበሰብሳል። ስለዚህ እንደ ወይራ ያለ ቅርፊቱ ሸካራ ዛፍ ይመረጣል፤ ቅርፊቱን የሚጥል ባሕር ዛፍ ተክሉንም አብሮ ይጥለዋል። የጠዋት ብርሃን ያግኘው፣ የቀትር ፀሐይ አይምታው። ሥሩ ቅርፊቱን እስኪጨብጥ በጥጥ ክር ይታሰር፤ ሥሩ ሲነጣም ጠዋት ጠዋት ይጠጣ።

«ደኑ እየተመነጠረ ነው፤ ነቅዬ ባመጣው አተረፍኩት እንጂ መች አጠፋሁት?» የሚል አይጠፋም። ዛፉ ወድቆ ወይም የቡና ጥላ ሲገረዝ ቅርንጫፉ ተቆርጦ ከሆነ፣ አስፈቅዶ ከነቅርንጫፉ ማንሳት በእርግጥ ማትረፍ ነው። ከቆመ ዛፍ መንቀል ግን ሥሩን ይሰባብራል፤ ደኑም የጎደለበትን ቶሎ አይተካም። ዘሩ እንደ ዱቄት የላመ፣ ስንቅ ያልያዘ በመሆኑ በተፈጥሮ የሚበቅለው ተስማሚ ፈንገስ ሲያገኝ ብቻ ነው። አሜሪካዊው ሌዊስ ክነድሰን የኦርኪድ ዘር ያለ ፈንገስ፣ ስኳር ባለው ምግብ ላይ እንደሚበቅል በ1922 እ.ኤ.አ. ካሳየ ወዲህ ግን በላቦራቶሪ ማባዛት ተችሏል። እንዲህ የተባዛ ችግኝ እስኪያብብ ዓመታት ይፈጃል የሚለው ቅሬታ እውነት ነው። ነገር ግን ጥላውና ቅርፊቱ ያልተዘጋጀበት ግቢ ከደን የመጣውን ትልቁን ተክልም ይገድለዋል። የሚቸኩል ሰው ዛሬውኑ ወይራውን ይትከል።