ዳገት በኪሎ ሜትር አይለካም

«ጋሼ፣ በአንድ ቻርጅ ሱባ ደርሶ ይመለሳል?» ብሎ የጠየቀኝ ልጅ ኤሌክትሪክ ብስክሌቱን ከገዛ ገና ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። ጊዜው የደመራ ሰሞን ነው። ሰበታ ያለችው መጠገኛ ሱቄ ደጃፍ ላይ ቆሞ ሻጩ የሰጠውን ወረቀት ዘረጋልኝ። «60 ኪሎ ሜትር ይላል። ደርሶ መልሱ ደግሞ 45 እንኳን አይሞላም።» ከመስቀል ማግስት እጮኛውን ከኋላ አስቀምጦ የመናገሻን ደን ሊያሳያት አስቧል። ፊቱ ላይ ያለውን ደስታ ሳይ «አዎ» ብዬ ልሸኘው ዳድቶኝ ነበር። አላልኩም። «እስከ ሐሙስ ታገሠኝ» አልኩት።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ በአንድ ቻርጅ ስንት ይሄዳል የሚለውን ጥያቄ ሳልሰማ የዋልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። መኪና የሚገዛውም፣ ሞተር የሚገዛውም፣ ብስክሌት የሚገዛውም ከዋጋው ቀጥሎ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። እኔ ከጥያቄው ጋር የቆየ ጠብ አለኝ። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ለሚኖር፣ ወጥቶ ወርዶ ለሚያድር ሰው ኪሎ ሜትር የባትሪ መለኪያ መሆን አይችልም። ይህን ስል ዓመታት አልፈዋል፤ ዛሬም አልለወጥኩም።

በዚህ ነገር ከሱሉልታው ወዳጄ ጋር አንስማማም። ጥሩ ባለሙያ ነው፤ የባትሪ ሴል አበያየዱን ሳይ እቀናበታለሁ። የእሱ አፈታተሽ ግን ባትሪውን ሞልቶ፣ በማለዳ ሯጮቹ ከሚሮጡበት ሜዳ ወጥቶ፣ ሞተሩ ቀጥ እስኪል መዞር ነው። ከእኔ ጋር አንድ ዓይነት በሆነ ባትሪ፣ 48 ቮልት 13 አምፔር ሰዓት፣ 71 ኪሎ ሜትር ሄዷል። አልዋሸም፤ መንገዱን ራሴ አውቀዋለሁ። እንዲያውም ሜዳችን ከባሕር ዳርቻ ሜዳ ይሻላል። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው፤ ብስክሌተኛን የሚገፋው ነፋስ በዚያው ልክ ይቀንሳል። የነዳጅ ሞተርና የሰው ሳንባ በአየሩ መሳሳት ሲደክሙ የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ምንም አይጎድልበትም። ስለዚህ ወዳጄ 71 ያለው እውነት ነው። ግን ያ ቁጥር የሱሉልታ ሜዳ ቁጥር ነው። ይዞት እንጦጦን ሊወጣ የሚነሳ ሰው ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል።

ሒሳቡ ይኸውላችሁ። ሰውዬው፣ ብስክሌቱና ጓዙ ተደምረው 100 ኪሎ ቢመዝኑ፣ ያንን ክብደት 100 ሜትር ሽቅብ ለማንሳት ብቻ 27 ዋት ሰዓት ገደማ ይጠይቃል። ይህ የምድር ስበት ዋጋ ነው፤ የትኛውም ፋብሪካ ሊቀንሰው አይችልም። ሞተሩና ኮንትሮለሩ በሙቀት የሚያባክኑት ሲታከልበት ከባትሪው የሚወጣው ወደ 35 ይደርሳል። ሜዳ አስፋልት ላይ ረጋ ብሎ ለሚነዳ ደግሞ አንድ ኪሎ ሜትር ከ9 እስከ 10 ዋት ሰዓት ይበላል። አካፍሉት። 100 ሜትር ከፍታ መውጣት አራት ኪሎ ሜትር ሊሞላ ምንም ያልቀረው ሜዳ መንዳት ነው። የእኛ ባትሪ ሞልቶ የሚይዘው ደግሞ 624 ዋት ሰዓት ነው። እናቶቻችን እንዲገባቸው እንዲህ እላቸዋለሁ፤ እንጀራ የሚጋገርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ አሥራ ሁለት ደቂቃ ያህል የሚበላውን መብራት ይዘን ነው ተራራ የምንወጣው።

ወዳጄ ሁልጊዜ የሚመልስልኝ መልስ አለው። «የወጣኸውን ትወርደው የለ? ዳገቱ የወሰደውን ቁልቁለቱ ይመልሰዋል።» በቃል ሲሰማ ያሳምናል። ልጁን እስከ ሐሙስ ታገሠኝ ያልኩትም ይህንን መንገዱ ላይ ሄጄ ቁጥር ላስይዘው ፈልጌ ነው።

መስከረም 18፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወጣሁ። ባትሪውን ቤት ውስጥ አሳድሬዋለሁ፤ የዚህ አካባቢ የማለዳ ብርድ የሊቲየም ባትሪን ኃይል ይሰርቃል። በባትሪውና በኮንትሮለሩ መሃል ዋትሜትር ገጥሜያለሁ። ዕቃዋ የመዳፍ ሲሶ ታህላለች፤ ለእኔ ግን ከብስክሌቱ ሁሉ የምትበልጥብኝ እሷ ናት። በስክሪኑ ላይ የሚደረደሩትን አራት የባትሪ ምልክቶች አላምናቸውም። ዳገት ላይ ሞተሩ ሲጎትት ቮልቱ ከ54 ወደ 47 ይወርድና ምልክቶቹ ሁለት ይሆናሉ፤ ሰውየው ደንግጦ ይቆማል፤ ትንሽ ሲያርፍ ተመልሰው አራት ይሆኑና ያለ ልክ ይተማመናል። ድንጋጤውም መተማመኑም ሐሰት ነው። ዋትሜትሯ ግን የወጣውን እየደመረች ትሄዳለች፤ አትደነግጥም፣ አታባብልም።

ከሰበታ እስከ ደኑ ጽሕፈት ቤት ያለው ወደ 15 ኪሎ ሜትር ነው። አስፋልቱን ጨርሼ ወደ ፒስታው ስገባ ክረምቱ ገና ከመንገዱ አልወጣም ነበር። ዋልካው ጎማው ላይ እየተጠቀለለ ጭቃ መከላከያው ውስጥ ሞላ፤ ሁለት ጊዜ ወርጄ በእንጨት ፈነቀልኩት። ሜዳ ነው ብላችሁ ዋልካን እንዳትንቁ፤ ለጥቂት መቶ ሜትሮች ፍጆታዬን እጥፍ አድርጎታል። ከግራም ከቀኝም ግን አደይ አበባ ነው። የጤፉ ማሳ አረንጓዴ፣ የአበባው ዳር ቢጫ፣ ከፊት ለፊት ወጨጫ ጉም ለብሶ። ጽሕፈት ቤቱ ስደርስ ዋትሜትሯ 170 ትላለች።

እውነተኛው ፈተና ከዚያ ይጀምራል። የመናገሻ ሱባ ደን በወጨጫ ተራራ ወገብ ላይ ያለ ጥንታዊ ደን ነው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። የተራራው ጫፍ 3,385 ሜትር ነው። እኔ እስከ ጫፉ አልሄድኩም፤ በጽዱና በዝግባው መሃል ሽቅብ የሚሄደውን መንገድ ይዤ 500 ሜትር ከፍታ ጨመርኩ።

የመጀመሪያዎቹን 200 ሜትሮች ሆን ብዬ እንደ ሰነፍ ወጣሁ። እግሬን አሳርፌ፣ እጀታውን እስከ መጨረሻ ጠምዝዤ። ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 9 ኪሎ ሜትር ወረደ። የሞተሩ ድምፅ ከፉጨት ወደ ማጓራት ተለወጠ። 200 ሜትሩ ሲሞላ ቆሜ ሳነብ 104 ዋት ሰዓት ወጥቷል። ለ100 ሜትር 52! ወርጄ የኋላ ጎማው እምብርት ላይ ያለውን ሞተር በመዳፌ ነካሁት፤ እስከ ሦስት ሳልቆጥር እጄን አነሳሁ። የጎደለው ኃይል የት እንደገባ መዳፌ ነገረኝ። እንዲህ ያለ ሞተር ዝግ ብሎ እየዞረ ብዙ ሲጎትት የሚበላውን ግማሹን ወደ እሳት ይለውጠዋል።

ሩብ ሰዓት አቀዘቀዝኩት። አንድ የጉሬዛ መንጋ ከዝግባው ላይ ቁልቁል እያየኝ፣ ነጭ ጭራዎቹ እንደ ነጠላ ዘርፍ ተንጠልጥለው። ከዚያ የቀረውን 300 ሜትር በእግሬ እየረገጥኩ፣ ለሞተሩ ግማሽ ብቻ እየሰጠሁት፣ ፍጥነቴን ከ13 ሳላወርድ ወጣሁ። 96 ዋት ሰዓት። ለ100 ሜትር 32 ማለት ነው። ያው ተራራ፣ ያው ባትሪ፣ ያው ሰው። ኪሎ ሜትር የሚቆጥር ሰው ይህን ልዩነት መቼም አያየውም።

ቁልቁለቱ ስለሚመልሰው ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። የእኔ ሞተር ውስጡ ጥርስ ያለው ዓይነት ስለሆነ ሲወርድ ዝም ብሎ ይሽከረከራል እንጂ ለባትሪው አንድ ዋት አይመልስም፤ ገበያችን ላይ የሚበዛውም ይኸው ነው። መንገዱ ጠመዝማዛና ድንጋያማ ነውና ፍሬን ይዤ ነው የወረድኩት። ታች ስደርስ ከውሃ ላስቲኬ አንድ ጠብታ የኋላ ዲስኩ ላይ ጣል አደረግኩ። ጭስስ ብላ ጠፋች። ያቺ ናት ወዳጄ «ይመልሰዋል» ያላት። 500 ሜትር ሙሉ በዋት ሰዓት ገዝቼ የወጣሁት ከፍታ ዲስክ ሲያሞቅ አለቀ።

ሰበታ ስመለስ ጠቅላላው 490 ሆኖ ነበር። የሄድኩት 44 ኪሎ ሜትር፣ የቀረኝ 134 ዋት ሰዓት።

ይህን ሁሉ ለምን እንዲህ አጥብቄ እንደምይዘው የሚጠይቁኝ አሉ። ያደግኩት ሱሉልታ ነው። አባቴ ወተት በብስክሌት ወደ ከተማ ያመላልስ ነበር፤ በየማለዳው ሁለት የወተት ዕቃ ከኋላ አስሮ እንጦጦን ተሻግሮ ወደ አዲሱ ገበያ ይወርዳል። ስለ ገረመው ደንቦባ ማውራት ይወድ ነበር፤ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ የጎዳናው ውድድር 24ኛ ስለወጣው ኢትዮጵያዊ ብስክሌተኛ። «እነሱም ዳገት ነው ያሳደጋቸው» ይላል። አባቴ መንገድን በኪሎ ሜትር ሲቆጥር ሰምቼው አላውቅም። «በወተት አንድ አጭር ዳገት፣ በባዶ አንድ ረጅም ዳገት» ነው የሚለው። ወተቱን ለማን እንደሚሰጥ፣ መቼ እንደሚነሳ፣ ስንት እንጀራ እንደሚቋጠርለት ሁሉ የሚወስነው በዚያ ነበር። ረጅሙን ዳገት ሲመለስ ብስክሌቱን እየገፋ ነው የሚወጣው። ብስክሌት የተሠራው ሰውን ሊሸከም ሆኖ ሳለ እሱ ግማሽ ዕድሜውን ብስክሌት ሲሸከም ኖረ። እግሩ ሲደክም ሱሉልታ ቀረ፤ ከተማውንም ከዚያ በኋላ ብዙ አላየውም።

የመጀመሪያውን ኤሌክትሪክ ብስክሌት የገጣጠምኩለት ለእሱ ነው። በአንድ እሑድ ከአዲሱ ገበያ ተነስቶ ረጅሙን ዳገት ተቀምጦ ወጣ። እኔ ከኋላው በሌላ ብስክሌት ነበርኩ። አናቱ ላይ ቆመና ወደ ኋላ ዞሮ ከተማውን ረጅም ጊዜ አየ። ስንት እንደበላ አላነበብኩም፤ ያን ጊዜ ዋትሜትር አልነበረኝም። ዛሬ ያን ቁጥር ባውቀው ደስ ይለኛል። እሱ ካረፈ አምስተኛ ዓመቱ ነው።

ሐሙስ ልጁ መጣ። ወረቀቱን አጠፍኩለትና ባዶውን ጀርባ ላይ ጻፍኩለት። ለብቻህ ከሆንክ ትመለሳለህ፣ እግርህን ካልነፈግከው። ሁለት ስትሆኑ ግን ክብደቱ ወደ 165 ኪሎ ይሄዳል፤ ዳገቱ ብቻውን 290 ዋት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ መሄጃና መመለሻው ሲደመር ባትሪህ ከሚይዘው ያልፋል። ስለዚህ እስከ ደኑ ጽሕፈት ቤት በብስክሌት ሂዱ፣ እዚያ አስቀምጡት፣ ሽቅቡን በእግራችሁ ውጡ። ትንሽ ቅር አለው፤ ግን እንዳልኩት አደረገ። ቅዳሜ ማታ ደወለልኝ። ጉሬዛውንም ድኩላውንም አይተዋል፤ ቤታቸው የገቡት 230 ዋት ሰዓት ተርፏቸው ነው።

አሁን አንድ ደብተር ይዣለሁ። በየገጹ የአንድ ዳገት ስም፣ የሚወጣው ክብደት፣ የከፍታው ልክ፣ የበላው ዋት ሰዓት ይጻፋል። ሱባ ተጽፏል። ከአዲሱ ገበያ የእንጦጦው ማለፊያ በአንድ ሰው ተጽፏል። ከአስኮ ወደ ቡራዩ፣ ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ ማርያም፣ ከዓለም ገና ወደ ፉሪ ገና ባዶ ናቸው። በእነዚህ መንገዶች የምትነዱ ወንድሞችና እህቶች፣ ዋትሜትር ግጠሙና ዳገታችሁን መዝግቡ፤ ሰበታ ስታልፉም ጎራ በሉና አጽፉኝ።