ካፒቴኑ ለሐኪሙ ምን ይነግረዋል?

ውቅያኖስ የሚያቋርጥ የጭነት መርከብ በሰዓት 14 ኖቲካል ማይል ቢጓዝ በአንድ ቀን 336 ማይል ይሄዳል፤ እንዲያም ሆኖ ሁለትና ሦስት ሳምንት ወደብ ሳያይ ሊቆይ ይችላል። በውስጡ 20 ወይም 25 ሰው ይኖራል። ሐኪም ግን የለም፤ ሕግም አያስገድድም። የ2006ቱ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሐኪም እንዲሳፈር የሚያዘው 100 ወይም ከዚያ በላይ ሰው ይዘው ከሦስት ቀን በላይ በሚፈጅ ዓለም አቀፍ ጉዞ ለሚሰማሩ መርከቦች ብቻ ነው። በቀሩት ላይ የሐኪሙን ቦታ የሚሸፍነው ሥልጠና የወሰደ መርከበኛ ነው። ማን ይሠልጥን፣ ምን ያህልስ ይሠልጥን በሚለው ላይ የሙያው ሰዎች አንስማማም። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ሕመምተኛ የመንከባከቡ ሥራ ለሌላ መኮንን ተሰጠም አልተሰጠ፣ ከፍተኛውን የሕክምና ሥልጠና መውሰድና በየአምስት ዓመቱ ማደስ ያለበት ካፒቴኑ ራሱ ነው።

ዓለም አቀፉ ደንብ እዚያ ድረስ አይሄድም። ኤስ ቲ ሲ ደብልዩ ብለን የምንጠራው፣ በ1978 ወጥቶ በ1995 እና በ2010 የተሻሻለው የመርከበኞች ሥልጠና ስምምነት የሕክምናውን ትምህርት በደረጃ ከፍሎታል። ተራው መርከበኛ የመጀመሪያ እርዳታ ይማራል፤ የጥበቃ መኮንኖች ከዚያ ከፍ ያለውን ይወስዳሉ። መርፌ መውጋትን፣ ቁስል መስፋትን፣ ጉሉኮስ መስጠትን፣ ሕመምተኛን ለቀናት መከታተልን የሚያስተምረው ከፍተኛው ኮርስ ግን በመርከቡ ላይ ሕክምናን እንዲመራ ለተመደበው ሰው የተተወ ነው። ከካፒቴኑና ከዋናው መኮንን የሚጠበቀው አገልግሎቱን ማደራጀትና ማስተዳደር፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለመርከቦች ያዘጋጀውን የሕክምና መመሪያ የመሳሰሉትን መጻሕፍት መጠቀም ነው። አንዳንድ አገሮች ካፒቴኑም ሙሉውን እንዲወስድ ያስገድዳሉ። ያም ሆኖ በብዙ መርከብ ላይ የመድኃኒት ክፍሉ የሁለተኛው መኮንን ሥራ ነው፤ ካፒቴኑ ከበላይ ይቆጣጠራል፣ ይፈርማል።

ቁስል መስፋት ለሁለተኛው መኮንን ሊሰጥ ይችላል። መርከቡን ማዞር ግን ለማንም አይሰጥም። ደረቱን የሚያመው አንድ መካኒክ አለ እንበል፤ ቃር ይሁን የልብ ድካም ገና አልታወቀም፤ ቅርቡ ወደብ 900 ማይል ይርቃል። መንገድ መቀየር ማለት የቀናት መዘግየት፣ የነዳጅ ወጪና የመርከቡ ተከራይ ቁጣ ነው። ሶላስ የተባለው የባሕር ላይ ሕይወት ደኅንነት ስምምነት፣ በአምስተኛ ምዕራፉ፣ ካፒቴኑ በሙያዊ ግምቱ ለሰው ሕይወት ደኅንነት ያስፈልጋል ያለውን ውሳኔ ባለቤቱም ሆነ ተከራዩ እንዳይከለክለው ይደነግጋል። ትልቅ ሥልጣን ነው። ነገር ግን የሚቀርብለትን የሕመም ሪፖርት መመዘን የማይችል ሰው ይህን ሥልጣን በምን ይጠቀምበታል? ወይ የወጣቱ መኮንን ድንጋጤ ይነዳዋል፣ ወይ ከየብስ የሚመጣው ኢሜይል። የአውሮፓ ማኅበረሰብ በ1992 ያወጣው መመሪያ ይህን የተረዳ ይመስላል። መድኃኒቱን የመያዝና የመጠቀም ሥራ ለሌላ ሊወከል ይችላል፣ ኃላፊነቱ ግን ከካፒቴኑ አይነሣም ይላል። ስለዚህም ካፒቴኑም ወኪሉም ልዩ ሥልጠና እንዲወስዱ፣ ቢያንስ በየአምስት ዓመቱም እንዲያድሱ ያዛል። ኃላፊነትና ዕውቀት አንድ ሰው ላይ ይገናኙ ማለቱ ነው፤ ዓለም አቀፉ ስምምነት ይህን ለምን እንዳልተከተለ አሳማኝ ምክንያት አላገኘሁም።

ዛሬ የሳተላይት ስልክ እያለ ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል የሚሉ አሉ። ክርክራቸው ቀላል አይደለም። በሬዲዮ የሚሰጥ የሕክምና ምክር ረጅም ታሪክ አለው፤ ዶክተር ጉዊዶ ጉዊዳ ሮም ላይ ለዚሁ ሥራ ማዕከል ያቋቋሙት በ1935 ነው፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንትም የሬዲዮ ፈር ቀዳጁ ማርኮኒ ነበር። የ2006ቱ ስምምነትም ምክሩ 24 ሰዓት፣ በነጻ፣ የመርከቡ ባንዲራ ሳይታይ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ነገር ግን በመስመሩ ማዶ ያለው ሐኪም እጁ ሆድ አይነካም። ሕመሙ እምብርት አካባቢ ጀምሮ ወደ ቀኝ ታችኛው ሆድ መዞሩን፣ ሲጫኑት ከሚያመው ይልቅ ሲለቁት መባሱን፣ የልብ ምቱ ከትናንት ምሽት ወዲህ በስንት መጨመሩን የሚያውቀው የነገሩትን ያህል ነው። «ሆዱን ያመዋል፣ ትኩሳትም አለው» የሚል ሪፖርት የሰማ ጎበዝ ሐኪም ከመጠየቅ ሌላ ምን ያደርጋል? በዚያ ላይ ምክሩን ተቀብሎ ከባሕሩ ሁኔታ፣ ከሄሊኮፕተር ርቀትና ከቀረው መድኃኒት ጋር ማገናኘት የካፒቴኑ ሥራ ነው። ስለዚህ የመስመሩ መሻሻል የሥልጠናውን ትኩረት ይለውጠዋል እንጂ አያስቀረውም። ምርመራና ሪፖርት ከስፌት በላይ ሰዓት ሊሰጣቸው ይገባል እላለሁ።

ሌላው ተቃውሞ ከሐኪሞች የሚመጣ ነው፦ ግማሽ ዕውቀት ድፍረት ይወልዳል። ለዚህ ስጋት መነሻ የሚሆን ዝነኛ ታሪክ አለ። በመስከረም 1942 ሲድራጎን በተባለ የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ ዊለር ላይፕስ የሚባል ወጣት የመድኃኒት ባለሙያ፣ ሐኪም ሳይሆን፣ የባልደረባውን ትርፍ አንጀት በቀዶ ጥገና አወጣ፤ ማንኪያዎችን እንደ መሣሪያ ተጠቅሞ። ሕመምተኛው ዳነ። ታሪኩን የጻፈው ጋዜጠኛ ጆርጅ ዌለርም የፑሊትዘር ሽልማት አገኘበት። አስደናቂ ነው፤ የመርከብ ሕክምና ማለት ይህ ነው ብሎ ማሰብ ግን ስሕተት ነው። የዛሬው ካፒቴን የሚማረው ተቃራኒውን ነው፦ ቢላ አይነካም፣ ምግብ ይከለክላል፣ በሐኪም ምክር አንቲባዮቲክና ጉሉኮስ ይሰጣል፣ ሕመምተኛውን የሚያወርድበት መንገድ ይፈልጋል። በቅጡ የተሰጠ ሥልጠና ከሚያስተምረው ነገር ዋነኛው የራስን ወሰን ማወቅ ነው። ይልቅ የምፈራው ምንም ሳይማር መመሪያውን በጭንቀት ሰዓት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገልጠውን ነው።

የማደሱ ጉዳይ ላይ ደንቡ በእውነት ግራ ያጋባል። የ2010ሩ ማሻሻያ መርከበኞች የእሳት ማጥፋትና የነፍስ ማዳን ብቃታቸውን በየአምስት ዓመቱ እንዲያስመሰክሩ ሲያዝ፣ ለሕክምናው ሥልጠና ግን ተመሳሳይ ግዴታ አላስቀመጠም። እሳትን በተመለከተ በመርከቡ ላይ በየወሩ ልምምድ አለ፤ እጅ ሥራውን አይረሳም። ጉሉኮስ ለመስጠት ደም ሥር የመፈለግ ልምምድ ግን የለም። ከአሥር ዓመት በፊት በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት የተማረውን፣ ከዚያም ያልነካውን ሰው ደንቡ ብቁ ነው ይለዋል። ትምህርቱም ቆሞ አይጠብቅም። በ2010 የአሜሪካ የልብ ማኅበር የልብ መቆም ለገጠመው ሰው በቅድሚያ የመተንፈሻ መንገድ ማጽዳት የሚለውን ቅደም ተከተል ለውጦ ደረት መጫንን አስቀደመ። ከዚያ በፊት ሠልጥኖ ያላደሰ ሰው የሚያስታውሰው፣ ካስታወሰ፣ የቀድሞውን ነው።

ዓሣ አስጋሪ መርከቦች ላይ ስንደርስ ክርክሬን ማስተካከል ይኖርብኛል። በ2007 የወጣውና በ2017 ሥራ ላይ የዋለው የዓሣ ማስገር ሥራ ስምምነት ቢያንስ አንድ ሠራተኛ ሥልጠና እንዲኖረው ይጠይቃል። አምስት ሰው በያዘ ጀልባ ላይ ያ አንዱ ሰው አዛዡ ከሆነ፣ መረብ የሚጎትተው ማሽን እጁን የሚይዘውም እሱን ሊሆን ይችላል፤ አዛዡ እዚያ እንደ ትልቅ መርከብ ካፒቴን ከላይ ቆሞ አያዝም፣ አብሮ ይጎትታል። ስለዚህ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። የጊዜው ተቃውሞም እዚህ ይከብዳል፦ ገቢው ከተያዘው ዓሣ በድርሻ ስለሆነ፣ ክፍል ውስጥ የዋለ ቀን ያልተከፈለ ቀን ነው። ለእነሱ የሚሆነው የጭነት መርከቡን ኮርስ ማሳነስ ሳይሆን ደም ማቆምን፣ የተቆረጠ ጣትን፣ የሰጠመንና ቅዝቃዜ የመታውን ሰው የሚመለከት አጭር ትምህርት ነው፤ ማስገር በሚቆምበት ወቅት፣ እዚያው ወደቡ ላይ።

ጉዳዩ ወደብ ለሌላት ለእኛም አገር ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ መርከቦች ባሕር ላይ ናቸው፤ ባሕር ዳር ላይ የሠለጠኑ ወጣቶችም በውጭ ኩባንያዎች መርከቦች ላይ ይሠራሉ፤ በእነዚያ መርከቦች ላይ ካፒቴኑ፣ ሁለተኛው መኮንንና ሕመምተኛው ሦስት የተለያየ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ሊኖራቸው ይችላል። «ይወጋኛል» እና «ይጫነኛል» ለሐኪም የተለያዩ ምልክቶች ናቸው፤ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ሁለቱም አንድ ሆነው ይወጣሉ። ስለዚህ የኮርሱን ፈተና እንዳወጣ ቢፈቀድልኝ አሻንጉሊት ላይ ስፌት አላስቆጥርም። ቋንቋቸው የተራራቀ ሁለት ሠልጣኞችን አንዱን ሕመምተኛ አድርጌ፣ ሐኪሙን ሌላ ክፍል ውስጥ ስልክ ይዞ አስቀምጬ፣ ካፒቴኑ መርምሮ እንዲደውል አደርጋለሁ። መስመሩ ከአራት ደቂቃ በኋላ ይቋረጣል። የሚያልፈው፣ ሐኪሙ በዚያች ጊዜ በሰማው ብቻ «መርከቡን አዙር» ወይም «ጉዞህን ቀጥል» ማለት ከቻለ ነው።