ሥራ ሁሉ ትምህርት አይደለም፦ የተግባር ትምህርት በፎገራ ሜዳ ሲመዘን

ትምህርት ከሕይወት ጋር ይተሳሰር የሚለው አሳብ ለኢትዮጵያ መምህራን እንግዳ አይደለም። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የወጣው የትምህርት መመሪያ ትምህርትን ከምርት፣ ከሳይንሳዊ ምርምርና ከፖለቲካ ንቃት ጋር አቆራኝቶ ነበር። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም በበኩሉ ችግር ፈቺ ዜጋ ማፍራትን ከዓላማዎቹ መካከል አስቀምጧል። ይሁን እንጂ በሁለቱም ዘመን «የተግባር ትምህርት» የተባለው ነገር በብዙ ቦታ ከጓሮ ቁፋሮና ለማርክ ሲባል ከሚሠራ ሞዴል ብዙም ሳይርቅ ቀርቷል። የዚህ ምክንያቱ የመሣሪያና የገንዘብ እጥረት ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ከሥሩ የአሳብ ስሕተት አለበት።

ስሕተቱ እጅን ማሠራት በራሱ ትምህርቱን አስደሳች ያደርገዋል ብሎ ማመን ነው። አፈር ነክቶ ለማያውቅ የከተማ ልጅ መደብ ማዘጋጀት አዲስ ነገር ስለሆነ ሊያስደስተው ይችላል። ከአንበሳሜ ዙሪያ ወይም ከወረታ በታች ካለው ሜዳ ለሚመጣው ተማሪ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ይህ ልጅ ማለዳ ከብት ያሰማራል፤ ሩዝ ሲያሸት ወፍ ይጠብቃል፤ በአጨዳ ጊዜም ከቤተሰቡ ጋር ማሳ ይውላል። ትምህርት ቤት ደርሶ ዶማ ሲሰጠው የሚሰማው የትምህርት ደስታ ሳይሆን የሥራው መደገም ነው። እንዲያውም ወላጁ «ለዚህስ ከእኔ ዘንድ ቢውል አይሻልም ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ቀላል አይሆንም።

አሜሪካዊው የትምህርት ሊቅ ዊሊያም ኪልፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1918 ስለ ፕሮጀክት ዘዴ ሲጽፍ ከእጅ ሥራው ያስቀደመው ተማሪው ከልቡ የያዘውን ዓላማ ነበር። የታንዛኒያው ጁልየስ ኔሬሬም እ.ኤ.አ. በ1967 ትምህርት ለራስ መቻል ይሁን ባሉ ጊዜ፣ የትምህርት ቤት እርሻ የትምህርቱ አካል እንዲሆንና ተማሪዎች በውሳኔው እንዲካፈሉ አሳስበዋል። ዓላማውና ውሳኔው ከተማሪው እጅ ከወጡ የሚቀረው ጉልበት ብቻ ነው።

የፎገራ ሜዳ ራሱ ለዚህ አሳብ ጥሩ ምስክር ነው። ከጉና ተራራ የሚነሡት የርብና የጉማራ ወንዞች ወደ ጣና ሲወርዱ በክረምት ሜዳውን ያጥለቀልቁታል። ለሌላ አዝመራ አስቸጋሪ የነበረው ይህ ውኃ በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ሩዝ ከተሞከረ በኋላ ሀብት ሆነ። በዚያ ጊዜ ከተሞከረባቸው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አንዱ የጅግና ነበር፤ «ኤክስ ጅግና» የተባለው ዝርያም ስሙን ከዚያው ወሰደ። ገበሬው ሞክሮ፣ አነጻጽሮና መዝኖ ነው አዲሱን እህል ወደ እንጀራው ያስገባው። ትምህርት ቤቱ ከማሳው ሊዋስ የሚገባው ይህን የመጠየቅና የማነጻጸር ልማድ እንጂ ዶማውን አይደለም።

ለምሳሌ ሩዝ በመፈተጊያ ሲያልፍ ፍሬው ይሰበራል፤ የተሰባበረ ሩዝ ደግሞ ዋጋው ይቀንሳል። በፀሐይ በፍጥነት ከደረቀውና በጥላ ቀስ ብሎ ከደረቀው የበለጠ የሚሰበረው የትኛው ነው? የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ከአንድ ማሳ የተገኘ አንድ ዓይነት ሩዝ አምስት አምስት ኪሎ መዝነው በሁለት መንገድ ያደርቃሉ። ከዚያ ያስፈትጋሉ፤ ከእያንዳንዱ መቶ ፍሬ ቆጥረው የተሰበረውን በመቶኛ ያሰላሉ። የገለፈቱንና የነጩን ሩዝ ክብደት ለይተው ይመዘግባሉ። በዚህ ውስጥ ሒሳብ፣ ሳይንስና ቋንቋ በአንድነት ይሠራሉ። ከሁሉም በላይ ግን ውጤቱን አስቀድሞ በቁጥር የሚያውቅ በክፍሉ ውስጥ የለም፤ መምህሩም ከተማሪው ጋር ይጠብቃል። ደስታው የሚመነጨው ከዚህ ጉጉት ነው። ቁጥሩ ወደ ቤት ሲወሰድም አባትና እናት ቁም ነገር ብለው ያደምጡታል።

በዕቅድ አውጪዎች በኩል ሊታሰብበት የሚገባው የጊዜ ጉዳይ ነው። ሩዝ የሚዘራው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው፤ መስከረም ላይ ተማሪው ሲመለስ አዝመራው ወደ ማሸት ይቀርባል፤ አጨዳው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ዘርን የሚመለከት ምዕራፍ በየካቲት ቢመጣ በዚህ አገር ሕይወት የለውም። በአንጻሩ ሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ከመስኖ ሽንኩርት ጋር ይገጥማል። የገበያውን ዋጋ በየሳምንቱ መዝግቦ በግራፍ ማሳየትና ሽንኩርቱን አቆይቶ መሸጥ ያዋጣ እንደሆነ መርምሮ ማስረዳት ለዚያ ወቅት የተመቸ ፕሮጀክት ነው። አንድ ወጥ የሆነ ብሔራዊ መርሐ ትምህርት የሚማረውን ነገር ሊወስን ይችላል፤ መቼና በምን ይማሩት የሚለውን ግን ለወረዳና ለመምህሩ መተው ይገባል።

የሚነሡት ተቃውሞዎች በቀላሉ የሚታለፉ አይደሉም። ተማሪው ብዙ ነው፤ ክፍለ ጊዜው አጭር ነው፤ የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናም ቆጥረህ አግኝ አይልም። ለዚህ መፍትሔው ፕሮጀክቶችን ማብዛት ሳይሆን ማሳነስ ነው፤ በወሰነ ትምህርት አንድ በሚገባ የተሠራ ፕሮጀክት ከአሥር የይስሙላ ሥራዎች ይበልጣል። ለደኅንነትም ጥንቃቄ ያሻል። ወባና ቢልሐርዝያ ባሉበት አካባቢ ተማሪዎችን በባዶ እግር ረግረግ ውስጥ ማሠማራት አይገባም። የተገኘው ምርት ቢሸጥ ገንዘቡ ለምን እንደዋለ ተማሪዎቹ ሊያውቁ ይገባል።

እንግዲህ መምህሩ ፕሮጀክት ከመስጠቱ በፊት ሦስት ነገሮችን ቢመረምር ይበጃል። መልሱ ገና ያልታወቀ ጥያቄ አለውን? ተማሪው የሚወስነው ነገር አለን? መልሱን ከክፍሉ ውጭ የሚፈልገው ሰው አለን? ሦስቱም ከጎደሉ ሥራው ሥራ ነው እንጂ ትምህርት አይደለም፤ ልጁም ይህን ከመምህሩ ቀድሞ ያውቀዋል።