ከወደቁ በኋላ የሚጮኽ ሰዓትና ሳይወድቁ የሚረዳ ጫማ

እርጅና ሲመጣ እግር ይከዳል ይባላል። ነገር ግን የሚከዳው እግር ብቻ አይደለም። ሰው ሚዛኑን ጠብቆ የሚራመደው ከዐይኑ፥ ከውስጠኛው ጆሮውና ከእግሩ መርገጫ የሚመጣለትን ወሬ አእምሮው እያስተባበረ ስለ ሆነ፥ ዕድሜ ሲገፋ እነዚህ ሦስቱ መልእክተኞች በየበኩላቸው ይደክማሉ። የዓለም የጤና ድርጅት በያመቱ 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ እንደሚሞቱ ይገምታል፤ ከእነዚህም የሚበዙት ከ60 ዓመት በላይ የሆናቸው ናቸው። ስለዚህ በዚህ አጭር ጽሑፍ፥ ለአረጋውያን ይረዳሉ ከሚባሉት በሰውነት ላይ ከሚደረጉ መሣሪያዎች ሁለቱን ለመመዘን እንሞክራለን።

የመጀመሪያው የእጅ ሰዓት ነው። አፕል በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሰዓት ባለቤቱ በኀይል ሲወድቅ ከእንቅስቃሴው ያውቃል፤ የወደቀውም ሰው አንድ ደቂቃ ያህል ሳይንቀሳቀስ ከቆየ ራሱ ለእርዳታ ይደውላል። ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ወለል ላይ ተጋድሞ እንዳያድር ስለሚረዳ ሥራው የሚናቅ አይደለም። ይሁን እንጂ «ከመውደቅ የሚጠብቅ» ብሎ መጥራት የቃል ብቻ ሳይሆን የአሳብም ስሕተት ነው። ነገሩን ለአያታችን ባስረዳናቸው ጊዜ፥ «ታዲያ የሚያውቀው ከወደቅሁ በኋላ ነው? እኔ የምፈልገው ሳልወድቅ የሚይዘኝን ነው» አሉን። ከዚህ የበለጠ ትችት አላገኘንም።

ሁለተኛው በጫማ ውስጥ የሚነጠፍ ተንቀጥቃጭ ሶል ነው። ጄምስ ኮሊንስና ባልደረቦቹ በ2003 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት እንደ ገለጹት፥ ለባለቤቱ የማይሰማው ጥቂት ንዝረት ከደከመው የመርገጫ ስሜት ጋር ሲደመር፥ ለአእምሮ ሳይደርስ ይቀር የነበረው ወሬ እንዲደርስ ያደርጋል። አሳቡ ከሰዓቱ የጠለቀ ነው፤ ድካሙን ከምንጩ ይይዛልና። ነገር ግን የተፈተኑት አረጋውያን 12 ብቻ ነበሩ፤ የተለካውም ቆመው ሳሉ የሚወዛወዙት መወዛወዝ ነው። በቤት ውስጥ ጸጥ ብሎ መቆም ሌላ፥ በጭቃና በድንጋይ መካከል መራመድ ሌላ ነው።

እዚህ ላይ ምርኩዝን ማንሣት ይገባል። ጄካና ላክነር በ1994 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፥ ሰውነትን ሊደግፍ የማይችል ቀላል የጣት ንክኪ እንኳ የቆመን ሰው መወዛወዝ ይቀንሳል። ከዚህ ተነሥተን፥ ምርኩዝ ክብደትን ከመሸከም አልፎ የመሬቱን ወሬ ለእጅ የሚያደርስ አራተኛ መልእክተኛ ነው ብለን እንገምታለን። እንዲሁም በ2019 እ.ኤ.አ. ኮክሬን ብዙ ጥናቶችን አጠቃልሎ ባወጣው ምርመራ፥ የሰውነት ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ በየቤታቸው የሚኖሩትን አረጋውያን መውደቅ በ23 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ ተገልጿል።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው፤ አዲስ መሣሪያ በመጣ ቍጥር የምንጠይቀው «ምን ያህል ረቂቅ ነው?» ሳይሆን «ስንቱን ሰው ሳይወድቅ አስቀረ?» መሆን አለበት። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያላዘጋጀ መሣሪያ ገና በሙከራ ላይ እንዳለ ይቈጠር። ስሕተታችንን የሚያርም አንባቢ ቢገኝ በደስታ እንቀበላለን።