የኩንታ ኪንቴ መቃብር የት ነው?

የቀድሞ አባቱን ታሪክ የሚያፈላልግ ሰው ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል፤ የት ተወለደ? እንዴት ኖረ? የት ተቀበረ? አሜሪካዊው ደራሲ አሌክስ ሄሊ በ1976 ባሳተመው «ሩትስ»፣ ማለትም «ሥሮች»፣ በተሰኘው መጽሐፉ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች በመቶ የሚቆጠሩ ገጾች ሰጥቷል። ለሦስተኛው ግን መልስ የለውም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መጽሐፉን በታሪክም ሆነ በቋንቋ ክፍለ ጊዜ የምንጠቅስ መምህራን ይህን ዝምታ ልንመረምረው ይገባል እላለሁ።

ታሪኩ የሚነሣው በጋምቢያ ወንዝ አጠገብ ከምትገኘው ከጁፉሬ መንደር ነው። ኩንታ ኪንቴ የተባለው ወጣት ለከበሮ የሚሆን እንጨት ሊቆርጥ እንደ ወጣ በባሪያ ፈንጋዮች ይያዛል። በ1767 «ሎርድ ሊጎንየር» በተባለች መርከብ ተጭኖ አናፖሊስ ወደብ ይደርሳል፤ ወደ ቨርጂኒያ ይሸጥና «ቶቢ» የሚል ስም ይወጣለታል። ለማምለጥ በመሞከሩ እግሩን ይቆረጣል። ቆይቶም ትዳር ይዞ ኪዚ የምትባል ሴት ልጅ ይወልዳል። ኪዚ በተሸጠች ዕለት፣ ኩንታ በየወሩ አንዳንድ ጠጠር እየጨመረ ዕድሜውን ይቆጥርበት የነበረውን ቅል ይከሰክሰዋል። ከዚያ ወዲያ ትረካው ልጂቱን ተከትሎ ይሄዳል እንጂ ወደ አባትየው አይመለስም። መቼ እንደ ሞተና ማን እንደ ቀበረው አንባቢው ሳያውቅ ይቀራል።

ይህ የደራሲው ድክመት ነውን? እኔ አይደለም ባይ ነኝ። የቤተሰቡ ትረካ ከትውልድ ወደ ትውልድ የወረደው በኪዚ በኩል ነው። ኪዚ ደግሞ ያላየችውንና ያልሰማችውን ለልጇ ልትነግር አትችልም። ስለዚህ የትረካው ክር የተበጠሰው ሽያጩ ቤተሰቡን በበጠሰበት ቦታ ላይ ነው። ሰውን በወገኖቹ መካከል አልቅሶ መቅበርን ትልቅ ነገር አድርጎ ለሚያይ እንደኛ ላለ ሕዝብ፣ ልጅ የአባቷን መቃብር ሳታውቅ መቅረቷ ምን ማለት እንደ ሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

በጃንዋሪ 1977 ለስምንት ተከታታይ ምሽቶች የታየው የቴሌቪዥን ድራማ ግን ይህን ዝምታ አልታገሠም። ኪዚን ወደ አባቷ መቃብር ይወስዳታል። እርሷም በመቃብሩ ምልክት ላይ ያለውን «ቶቢ» የሚለውን ስም ሰርዛ «ኩንታ ኪንቴ» ብላ ትጽፋለች። ትርዒቱ ልብ ይነካል። ነገር ግን የሚያጽናናው ተመልካቹን ነው፤ ባርነት የወሰደውን ነገር እንደ ተመለሰ ያስመስላልና።

ሄሊ በመቃብሩ ላይ ያሳየውን ጥንቃቄ በመርከቧ ላይ አላሳየም። መነሻው ጥሩ ነበር፤ በቴነሲ ክፍለ ሀገር በሄኒንግ ከተማ በልጅነቱ ከአያቱና ከዘመዶቿ የሰማቸውን ጥቂት የአፍሪካ ቃላት ይዞ ሄዶ፣ ጃን ቫንሲና የተባሉት የታሪክ ሊቅ የማንዲንካ ቋንቋ መሆናቸውን ነገሩት። ቀጥሎ ጁፉሬ ድረስ ሄዶ ከከባ ፎፋና አፍ የኪንቴን ዘር ቆጠራ ሰማ። ይሁንና በ1981 ዶናልድ ራይት የተባሉት የታሪክ ምሁር፣ ፎፋና በወጉ ሠልጥነው የወጡ የዘር ቆጣሪ እንዳልነበሩ ጻፉ። በዚያው ዓመት ጋሪ ሚልስና ኤልዛቤት ሾውን ሚልስ የቨርጂኒያን መዛግብት መርምረው ያገኙትን አሳተሙ። እንደ እነርሱ ምርመራ፣ በመዝገብ ላይ ያለው ቶቢ መርከቧ ከመድረሷ በፊት እዚያው ነበረ፤ ኪዚ ተወለደች ከሚባልበት ጊዜ በፊትም ከመዝገቡ ጠፍቷል። እንግዲህ በመርከቧ የመጣው ሰውና ይህ ቶቢ አንድ ሊሆኑ አይችሉም። ሄሊ መጽሐፉን እውነትና ልብ ወለድ የተቀላቀሉበት ነው ይል ነበር። የፍለጋውን ምዕራፎች ግን የጻፋቸው እንደ ተረጋገጠ ነገር አድርጎ ነው። «ሊሆን ይችላል» ማለት ሲገባው «ነው» አለ።

ታዲያ መጽሐፉ ይጣል? አይጣል። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ስማቸው ሳይመዘገብ እንደ ዕቃ መሸጣቸውን ቁጥር ብቻ ሊያስረዳ በማይችለው መንገድ አስረድቷል። ልብ ወለድ ነው ብለን ብናስተምረው ዋጋው አይቀንስም። ዋጋው የሚቀንሰው እንደ ማስረጃ አድርገን ብንሰጠው ነው።

ከዚህ ለክፍላችን የሚሆን ትምህርት እናገኛለን። ተማሪ የአያት የቅድመ አያቱን ታሪክ ጽፎ እንዲያመጣ ስናዝ፣ ብዙ ጊዜ ማርክ የምንሰጠው ለሞላና ላማረ ታሪክ ነው። እንዲህ ስናደርግ ክፍተቱን በፈጠራ እንዲደፍን እናስተምረዋለን። ከዚህ ይልቅ በእያንዳንዱ ነገር አጠገብ ማን እንደ ነገረው፣ ነጋሪውም በዓይኑ አይቶ ወይስ ከሌላ ሰምቶ እንደ ሆነ ይጻፍ። የቅድመ አያቱ መቃብር ካልታወቀም «አይታወቅም» ብሎ ይጻፍ፤ ለምን ሳይታወቅ እንደ ቀረም ቤተሰቡን ጠይቆ ያስረዳ። ማርኩን የምንሰጠው ለዚህ መሆን አለበት።