ብረቱ ስንት ይመዝናል?

የልዕለ ጀግና ኮሚክ ጥሩ መሆን አለመሆኑን በድብድቡ መለካት የተለመደ ነው። ማን ማንን መታ፣ ሕንፃው እንዴት ፈረሰ፣ ጀግናው ስንቱን ጣለ ይባላል። ቡጢ ግን ብዙ ሰው ይሥላል። ክብደት መሣል የሚችለው ጥቂት ነው። እኔ አንድ እትም እጄ ሲገባ አስቀድሜ የምፈልገው ይህንኑ ነው፤ የተሣለው ብረት ይከብዳል ወይ? ሰውየው ሲያነሳው የእኔም ትከሻ አብሮ ይወጠራል ወይ? ለዚህ መለኪያ የሚሆን አንድ እትም አምጣ ብባል ሳላመነታ የማወጣው እ.ኤ.አ. የፌብሩዋሪ 1966ቱን «ዘ አሜዚንግ ስፓይደርማን» ቁጥር 33 ነው። ያኔ ዋጋው 12 ሳንቲም ነበር።

ታሪኩ ከቁጥር 31 የተያያዘ ነው። ከስፓይደርማን ጭንብል ጀርባ ያለው የፒተር ፓርከር አክስት ሜይ ሆስፒታል ተኝታ እያጣጣረች ነው። ለሕመም የዳረጋት ፒተር ራሱ የሰጣት ደም ነው፤ በደሙ ውስጥ ያለው ጨረር ተዛምቶባታል። ያድናታል የተባለው አይ.ኤስ.ኦ.-36 የተሰኘ መድኃኒት ደግሞ በጠላቱ በዶክተር ኦክቶፐስ ሰዎች ተዘርፏል። ፒተር ከውኃ በታች እስከተሠራው መሸሸጊያቸው ድረስ ይከተላቸዋል። ቁጥር 32 ሲያልቅ ከባድ ማሽን ተንዶበት ከሥሩ ተቀብሯል። መድኃኒቱ ፊት ለፊቱ ወለሉ ላይ ነው፤ እጁ ግን አይደርስበትም። ጣሪያው ውኃ ማፍሰስ ጀምሯል።

ቁጥር 33 የሚነሳው ከዚህ ነው። ከሁሉ በፊት ልብ ማለት የሚገባው ደግሞ ጠላቱ ማን እንደሆነ ነው። በእነዚያ የመጀመሪያ ገጾች ላይ የሚፎክር ክፉ ሰው የለም፤ የሚመታ የለም፤ የሚመለስ ቡጢም የለም። ያለው ብረትና ሰዓት ብቻ ነው። ከ20ው ገጽ 5ቱ የሚያልቁት ከቦታው ንቅንቅ ማለት ባልቻለ አንድ ሰው ላይ ነው። በየወሩ አዲስ ግጥሚያ የሚጠብቅ ልጅ ለሚገዛው መጽሔት ይህ ድፍረት ነው። የአንድን እትም ባለቤቶች ድፍረት ለመመዘን እኔ የማየው ገጹን ለምን እንዳዋሉት ነው። ደፋር ሠዓሊ ሌላው በአንድ የሥዕል ሳጥን የሚያልፈውን ነገር 5 ገጽ ይሰጠዋል፤ ሌላው 5 ገጽ የሚያባክንበትን ደግሞ በአንድ ሳጥን ያልፈዋል።

ሠዓሊው ስቲቭ ዲትኮ ነው፣ ቃሉን የጻፈው ስታን ሊ። በዚያን ዘመን በአሳታሚው በማርቭል አሠራር ሠዓሊው ገጹን ሥሎ ያስረክባል፤ ጸሐፊው ከዚያ በኋላ ንግግሩን ይሞላበታል። በዚህ እትም ደግሞ የታሪኩን አካሄድ ያወጣው ዲትኮ ራሱ ነው። በእርሳስ የነደፈውን በቀለም የደገመውም እሱው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ፈተና ግልጽ ነው፦ ቃሉን በወረቀት ሸፍናችሁ ሥዕሉን ብቻ ተከተሉ። ታሪኩ ከቆመ ሥዕሉ ሥራውን አልሠራም ማለት ነው።

እዚህ አይቆምም። የመጀመሪያው ገጽ ሙሉውን አንድ ሥዕል ነው፤ ማሽኑ ግዙፍ፣ ሰውየው ከሥሩ ጭብጥ የምታህል። ገጹን ስትገልጡ ሳጥኖቹ ያንሳሉ። ይሞክራል፣ አይሆንም። እንደገና ይሞክራል፣ አሁንም አይሆንም። በዚህ መካከል የአክስቱና የሟቹ አጎቱ የቤን ፊት በሐሳቡ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ሰውነቱ ከወለሉ ትንሽ በትንሽ እየተላቀቀ ሲመጣ ሳጥኖቹም አብረውት ይሰፋሉ። የጠበበው ቦታ የሚከፈተው ለእሱ ብቻ አይደለም፤ ለዓይናችንም ይከፈታል። በ5ኛው ገጽ ላይ ሳጥን የሚባል ነገር ይቀርና ገጹ በሙሉ አንድ ሥዕል ይሆናል፤ ብረቱ ከላዩ ተነሥቷል። ያ ትልቅ ሥዕል የሚሠራው ከፊቱ ባሉት ጠባብ ሳጥኖች ኃይል ነው። በየሦስት ገጹ ሙሉ ገጽ ሥዕል የሚረጭ ሠዓሊ ይህን አያገኝም፤ አንባቢው ሳይታፈን እንዴት ይተነፍሳል?

አሁን ደግሞ ሰውነቱን እዩ። የስፓይደርማን ጭንብል ፊቱን በሙሉ ይሸፍናል። ባትማን ቢያንስ አፉ ይታያል፣ ካፒቴን አሜሪካም እንደዚያው፤ ጥርስ መንከስ፣ ማማረር፣ ማልቀስ ይችላሉ። ልብሱን የፈጠረው ዲትኮ ግን ይህን መንገድ በገዛ እጁ ዘግቶታል። ሕመምና ተስፋ መቁረጥ የሚገለጡት በጣት፣ በአንገት፣ በጀርባና በጉልበት ብቻ ነው። እኔ አንድ የስፓይደርማን ሠዓሊ ሥራ ሲቀርብልኝ መጀመሪያ እጁን የማየው በዚህ ምክንያት ነው። የዲትኮ ጣቶች የተወጠሩና የተንጨፈረሩ ናቸው፤ ወለሉን ሲገፉ ወለሉ በእርግጥ እዚያ አለ። አንገቱ ወደ ታች ተደፍቷል፣ ትከሻው ከጭንቅላቱ በላይ ሆኗል። ደረቱን ነፍቶ የሚያነሳ ጡንቸኛ አይደለም፤ ከሲታ ወጣት ነው፤ ክብደቱን የምናምነውም ስለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው «ስፓይደርማን፦ ሆምካሚንግ» ፊልም ይህንኑ ትዕይንት ወስዶ ቶም ሆላንድን ፍርስራሽ ሥር አስገብቶታል፤ ጭንብሉን ግን አስወልቆታል። ተዋናዩ ጥሩ አልቅሷል፤ ዲትኮ ያደረገውን ለማድረግ ግን ፊት ማየት አያስፈልገንም ነበር።

አሁን ወረቀቱን ከቃሉ ላይ አንሱ። ስታን ሊ ቃል ያበዛል፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ጀግናው እየተጨነቀ መሆኑን ሥዕሉ እየነገረን «ተጨንቄአለሁ» የሚያሰኙ ቦታዎች አሉ። እነዚህ ትርፍ ናቸው። ሥዕሉ ሊናገር የማይችለውን ሲናገር ግን ቃሉ ቦታውን ያገኛል። ፒተር እ.ኤ.አ. በ1962ቱ የመጀመሪያ ታሪክ አንድን ሌባ ዝም ብሎ በማሳለፉ አጎቱን አጥቷል። አሁን አክስቱንም በእሱ ምክንያት ሊያጣ ነው። ይህን የጥፋተኝነት ስሜት ብረት ብቻውን አይነግረንም፤ ቃል ያስፈልገዋል። ንግግሩን የምመዝነው በዚህ ነው፦ ባወጣው ምን ይጎድላል? ስለ አጎቱ የተባለው ቢወጣ ማሽኑ ማሽን ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ስለ ቀለሙ አጭር ነገር ልበል። እትሙ የታተመው በርካሽ የጋዜጣ ወረቀት ላይ፣ በነጠብጣብ በሚሠራ ጥቂት ቀለም ነው። ቀዩም ሰማያዊውም ሜዳ ነው፤ ጥላና ቅርጽ የሚሰጠው የዲትኮ ጥቁር መስመር ነው። በሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ በኮምፒውተር እንደገና የተቀለሙ ቅጂዎች ይህን ያበላሹታል፤ ጥላው ሁለት ጊዜ ይደረብና መስመሩ ይሞታል። እንደገና የታተመውን የምትገዙ ከሆነ ቀለሙ እንደ ጥንቱ ሜዳ የሆነውን ፈልጉ።

ብዙ ሰው 5ኛውን ገጽ አይቶ እትሙን ይዘጋዋል። ይህ ስሕተት ነው። የክብደት ትክክለኛ መለኪያው ከተነሣ በኋላ ያለው ድካም ነው። ፒተር ከማሽኑ ሥር ሲወጣ ጉልበቱ ተሟጥጦ አልቋል። ውኃው ጠርጎ ይወስደዋል፣ ከዚያም የጠላቱን ሰዎች አቅም ባጣ ክንድ መግጠም አለበት። መድኃኒቱን ለሚረዳው ሳይንቲስት ለዶክተር ኮነርስ ያደርሳል፣ ወደ ሆስፒታል ይሮጣል። ይህም ሳያንሰው ሥራ አለ፤ ያነሳውን ፎቶ ለጋዜጣ መሸጥ አለበት። በጋዜጣው ቢሮ የምትሠራው ቤቲ ብራንት የተቧጨረና ያበጠ ፊቱን ታየዋለች። ወንድሟ ቤኔት በወንጀለኞች መካከል ተገድሎባታልና ያ ፊት ያንን ይቀሰቅስባታል፤ ጥላው ትሄዳለች። ብረቱን ያነሳው ጀግና ይህንን ሊያስረዳት አይችልም፤ ማን እንደሆነ አታውቅምና። ሌላ ሠዓሊ ቢሆን ቁስሉን በሚቀጥለው ሳጥን ያድነው ነበር። ዲትኮ ግን ቁስሉን እስከ ቤቲ ጠረጴዛ ድረስ አመጣው፤ የ5ቱ ገጾች ዋጋም የሚከፈለው እዚያ ነው።